ሦስት ኮከብ ሳይወጣ

የወንድሜ ልጅ ጠይብ ረጋ ያለ ልጅ ነበር። ሲወለድ እንኳ እናቱን ሁለት ቀን አስጨንቆ፣ እንደ እንግዳ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። በሕይወቱ የቸኮለው አንድ ምሽት ብቻ ነው። ያቺን ምሽት ደግሞ እኔ ወተት ተሸክሜ ከኋላ ከኋላው እየሮጥኩ፣ በዓይኔ በብረቱ እያየሁት ነው ያበላሻት።

ከንዛ እባላለሁ። ሰፍሩ ከተማ፣ አጋይ ወንዝ ዳር ያለው ወፍጮ ቤት የወንድሜ የዓላል ነበር። ባሌ ሞቶብኝ ወደ ወንድሜ ቤት ስመለስ ጠይብ እናቱን ከቀበረ ዓመት አልሞላውም፤ አክስትም እናትም ሆኜ አሳደግኩት። ጣቶቼ ለጀላቢያ የሚሆን የሐር ቁልፍ ሲቋጥሩ ይውላሉ፣ አፌ ደግሞ አብሯቸው ይሠራል። ፊደል ግን አልቆጠርኩም። ይቺን ልብ በሉልኝ።

ከወንዙ ማዶ፣ መላሕ በምንለው የአይሁዶች ሰፈር፣ የማኅሉፍ ቤት አለ። ማኅሉፍ የዓላል የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ሚስቱ መሱዳ ደግሞ የሐር ቁልፍ መቋጠር ያስተማረችኝ፣ ስትቆጣ እጄን በመርፌ የምትወጋኝ ወዳጄ። አይሁዶች በቂጣ በዓላቸው ስምንት ቀን ሙሉ እርሾ የነካው ነገር በቤታቸው አያድርም። ስለዚህ በዓሉ ሊገባ ሲል መሱዳ የእርሾ ማሰሮዋን በጨርቅ ጠቅልላ ታመጣልኛለች።

“ከንዛ፣ ያንቺ ነው። ከእንግዲህ አላውቀውም” ትለኛለች።

“ባታውቂው ነው የሚሻለው፤ እኔ ዘንድ ይወፍራል” እላታለሁ።

እውነቱን ለመናገር እርሾው የማን እንደሆነ አናውቅም ነበር። እናቷ ለእናቴ፣ አያቷ ለአያቴ ሲሰጡት የኖረ ነው፤ እኔም ከራሴ ጋር ደባልቄ እመግበዋለሁ። በስምንተኛው ቀን ጀምበር ጠልቃ ሦስት ኮከብ ሲታይ በዓሉ ያበቃል። ሚሙና የሚሉት ምሽት ይገባል። የመላሕ በር ሁሉ ይከፈታል፣ ሰው ከቤት ቤት እየዞረ “አትርፉ፣ ደስ ይበላችሁ” ይባባላል። ታዲያ የመጀመሪያውን ዱቄት፣ የመጀመሪያውን እርሾ፣ ወተትና ማር፣ ሁለት ሦስት ዘለላ የስንዴ እሸት ይዘን የምንገባው እኛ ነን። ማኅሉፍ ከደጁ ወጥቶ ሰማዩን አይቶ “ግቡ” ይላል፣ እንገባለን፤ መሱዳ እርሾውን ከእጄ ተቀብላ እዚያው ታቦካለች። ያቺን ሊጥ ሳያቦኩ ዓመቱ አይጀመርላቸውም።

የማኅሉፍ ልጅ የፍሬሓና የእኛው የጠይብ ነገር የተጀመረው ግን እርሾ ላይ ሳይሆን ውኃ ላይ ነው።

ለቂጣው የሚሆነውን ስንዴ የምንፈጭላቸው እኛ ነበርን። ድንጋዩን በደረቁ ፍቀን እናጸዳለን፤ ምክንያቱም ያ ስንዴ ከታጨደ ጀምሮ ጠብታ ውኃ ሊነካው አይገባም። እስቲ አስቡት፤ ከእግራችን ሥር ወንዙ እየጮኸ፣ ግድግዳው እያላበው፣ ጠብታ እንዳይነካው ይባላል። ስለዚህ ከእነሱ አንድ ሰው ዱቄቱ ከሚወርድበት አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። ማኅሉፍ ዓይኑ ሲደክም ልጁን ፍሬሓን አቆማት። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። እጇን አጣምራ፣ ሳታወራ፣ ሳትቀመጥ፣ ከጠዋት እስከ ቀትር ዓይኗን ከዱቄቱ ሳትነቅል ስትቆም እኔ እንኳ፣ ወሬኛዋ፣ አጠገቧ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

ጠይብ ከላይ ስንዴውን ሲያፈስ ድንገት ቀና አለች።

“ላብህን ጥረግ” አለችው።

የመጀመሪያው የፍቅር ቃላቸው ይኸው ነው። እኔ ምን ላድርግ፣ የሆነውን ነው የማወራው። ልጁ ግንባሩን በሻሽ ጥርቅም አድርጎ አሰረና ያን ቀን ሙሉ እሷ ዱቄቱን ስትጠብቅ እሱ እሷን ሲጠብቅ ዋለ። አንድ ጊዜ ብቻ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ጠይብ ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ሽንብራና ስንዴ ሲያደባልቅ ከረመ።

በቀጣዩ ዓመት ደብዳቤ ጀመሩ። ተሸካሚዋ ማን ነበረች? እኔ። በየሳምንቱ የሐር ክርና ቁልፍ ይዤ ወደ መሱዳ ስሄድ ጠይብ “አክስቴ፣ ይህችን ለፍሬሓ፤ የትምህርት ጥያቄ ናት” እያለ በቁልፎቹ መሃል ያስቀምጣል። የሚጻጻፉት በትምህርት ቤት በተማሩት በፈረንሳይኛ ነበር፤ በቤታችን ቋንቋ እንዲህ ያለውን ነገር መጻፍ ያሳፍራቸዋል። ሰባት ወር ሙሉ የትምህርት ጥያቄ ተሸከምኩ። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ዓይነ ስውር አይደለሁም፤ ጥያቄ ሲደርሳት ጆሮዋ ድረስ የምትቀላ ተማሪ አይቼ አላውቅም። ዝም ማለት አልነበረብኝም። ግን ያንን ልጅ እናቱ ከሞተች ወዲህ ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ያን ሰሞን ወፍጮው ላይ ቆሞ ያዜም ጀመር፣ እኔም ዝም አልኩ።

ነገሩ የማይሆን እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ሁለቱ ቤቶች አብረው በልተዋል፣ ለቅሶም ሠርግም አብረው ተቀምጠዋል፤ ግን አንዱ የሌላውን ልጅ ወስዶ አያውቅም። ፍሬሓ ወደ እኛ ብትመጣ እናትና አባቷ ልብሳቸውን ቀድደው፣ መሬት ተቀምጠው፣ እንደ ሞተች ያለቅሱላታል። መሱዳ ደግሞ ሁለት ልጅ ቀብራለች። የቀረቻት ፍሬሓ ብቻ ናት።

አሮጌው ንጉሥ በሞቱ በዓመቱ መላሕ ይራገፍ ጀመር። ዛሬ የጫማ ሰፊው ቤት ይዘጋል፣ ነገ የአንጥረኛው። አውቶቡስ ይመጣል፣ ወደ ካዛብላንካ ይወስዳቸዋል፣ ከዚያ ወደ አዲሱ የአይሁዶች አገር በመርከብ ነው። ማኅሉፍ “እኔ እዚሁ ነው የምቀበረው” ሲል ቆይቶ ወንድሞቹ ሁሉ ሲሄዱ እሱም ተመዘገበ። የጉዞው ቀን ከሚሙና ምሽት በነጋታው ሆነ።

መሱዳ በዚያ ዓመት ማሰሮዋን ስታመጣልኝ “ያንቺ ነው” አለች። “ከእንግዲህ አላውቀውም” የሚለውን መጨረስ አቃታት። እኔም ሳልቀልድ ማሰሮውን ተቀበልኳት።

በበዓሉ በስድስተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ጠይብ ወረቀት ይዞ መጣ። ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ፊቱ ግን እንደ ሽማግሌ ገርጥቶ ነበር።

“ይቺን ዛሬውኑ አድርሺልኝ። ደግሞ በሚሙና ምሽት እርሾውን የምይዘው እኔ ነኝ” አለኝ።

“ለምን? እጄ ተቆርጧል?”

“ጽፌላታለሁ። እርሾውን የምዘረጋው ለእሷ ነው። ከእጄ ከተቀበለችኝ ትቀራለች ማለት ነው። እናቷ ከተቀበለችኝ ትሄዳለች።”

“አንተ ልጅ፣ አብደሃል? ቀርታ የት ልታስቀምጣት ነው? ዱቄት ጆንያ ላይ?”

“አባቴን እለምናለሁ። አባቷን እለምናለሁ። እግራቸው ላይ እወድቃለሁ።” ከዚያ “አክስቴ፣ ሳልጠይቃት ብትሄድስ?” አለኝ።

ልምታው ወይስ ልሳመው ግራ ገባኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ሰላጣ ቅርጫት ውስጥ ሸጉጬ ሄድኩ። ስደርስ ጀምበር ልትጠልቅ ጥቂት ነው የቀራት፤ መሱዳ የመጨረሻዎቹን ሁለት የበዓል ቀናት ልትቀበል ልብስ ትቀይራለች። ፍሬሓ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ እጅጌዋ ውስጥ ከተተች። ወዲያው ሻማው በራ። በእነሱ ዘንድ እነዚያ ሁለት ቀናት እንደ ሰንበት ናቸው፤ አይጻፍም፣ አይቀደድም።

ይህን ለጠይብ ነግሬዋለሁ። እንደነገርኩት አላህ ምስክሬ ነው።

“መልስ የለም?” አለኝ በማግስቱ።

“ዛሬ አይጽፉም፤ ታውቅ የለ?”

“አንድ ቃል? አንድ ቃል እንኳ?”

“አንድ ነጥብ እንኳ።”

“የሚወድ ሰው ይጽፋል” አለና ጀርባውን ሰጠኝ። ከዚያ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ በወንዙ ማዶ የመላሕን ግንብ ሲያይ ዋለ። ራበው ወይ፣ ጠማው ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ያስቀመጥኩለትን ሾርባ ድመቷ ጠጣችው።

የሚሙና ዕለት ከሰዓት በኋላ ተራራው ላይ ደመና ተኛ። ጀምበር ጠልቃ ይሁን ተሸፍና አይታወቅም፤ ብቻ መንገዱ ጨለምለም አለ። ሳህኑ ላይ ዱቄቱን ነስንሼ፣ እሸቱን ሰክቼ፣ እርሾውን በመሃል አድርጌ ጨርቅ ሳለብስ ጠይብ መጥቶ ከፊቴ አነሳው።

“ጨልሟል፣ እንሂድ።”

“ደመና ነው። ማኅሉፍ ወጥቶ ይጥራን።”

“ጨልሟል አልኩሽ።”

ይኸው፣ ያ በሕይወቱ ቸኩሎ የማያውቅ ልጅ ድልድዩን በሩጫ አቋረጠ። እኔ የወተቱን ማሰሮ አቅፌ “ጠይብ! ቆይ!” እያልኩ እከተላለሁ፤ ወተቱ ደረቴ ላይ ይፈሳል። ጠባቧ መንገድ ስትታጠፍ ደርሼ የጀላቢያውን ጫፍ ያዝኩት፣ አመለጠኝ። የማኅሉፍ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ገፍቶ ገባ።

ቤቱ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ሻንጣና ጥቅል በግድግዳው ዙሪያ ተደርድሯል። ማኅሉፍ የጸሎት መጽሐፉን ይዞ በመስኮት ሰማዩን ያያል፣ መሱዳ ቆማለች፣ ፍሬሓ አረንጓዴ ካፍታኗን ለብሳ በመሃል። ጠይብ ደፉን አልፎ ሳህኑን ዘረጋላት።

አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች። ከዚያ ሁለቱን እጆቿን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

“ወደ ኋላ!” አለ ማኅሉፍ። በሠላሳ ዓመት ጎረቤትነታችን ከዚያ ሰው አፍ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። “አታስገባው! አውጣው!”

መሱዳ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እኔ ከበሩ ቆሜ ሁሉንም አየሁ። የፍሬሓ ዓይኖች እንባ ሞልተው “ጠብቀኝ፣ ትንሽ ጠብቀኝ” እያሉት ነበር፤ ከደጅ ቆሜ እኔ እንኳ አንብቤዋለሁ፣ ያልተማርኩት። ጠይብ ግን እጆቿን ነበር የሚያየው። ዓይኗን አላየም። ቢያይ ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራላችሁም ነበር።

“እሺ” አለ። ዞሮ በአጠገቤ አለፈ።

ወፍጮ ቤት ስደርስ ሳህኑ መሬት ላይ ተደፍቷል፣ እሱ ወንዙ ዳር ቆሟል። እጁ ባዶ ነው።

“እርሾውስ?”

በአገጩ ውኃውን አሳየኝ።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ለአያቶቻችን አዘንኩ፣ ለመሱዳ አዘንኩ፣ ለዚያ ለተጣለ ሊጥ አዘንኩ። “ስንት ሴት ነው የመገበው” አልኩት። “የስንት ሴት እጅ ነው ለአሣ የሰጠኸው?”

“እጇን ደበቀች፣ አክስቴ።”

“ኮከብ አልወጣማ! አንተ ደንቆሮ፣ በዓሉ ገና አላበቃም። እርሾ እንዴት ትንካ? አንተ እኮ የእነሱን ዱቄት ስትፈጭ ያደግክ ነህ!”

ልጁ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ደመናው እየተገፈፈ ነበር። ከዝግባው በላይ አንድ ኮከብ ወጣ፣ ከተራራው ጫፍ ሌላ። ሦስተኛው ብቅ ሲል ከመላሕ እልልታው ቀለጠ። በሮቹ ተከፈቱ፣ ብርሃን በውኃው ላይ ፈሰሰ። ጠይብ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ቁጭ አለ።

ዓላል ጩኸታችንን ሰምቶ መብራት ይዞ ወጣ። “ምን ሆናችኋል? ለማኅሉፍ አላደረሳችሁም እንዴ?” ወዲያው በድልድዩ ላይ ሌላ መብራት መጣ። ማኅሉፍ ነው። ከጎኑ ፍሬሓ።

በሚሙና ምሽት የመጀመሪያ እንግዳ የምንሆነው እኛ ነን። እነሱ ሊጡን ሳያቦኩ ከደጃቸው ወጥተው አያውቁም። ዓላል ይህን ያውቃልና መብራቱን ከፍ አድርጎ አያቸው።

ማኅሉፍ ወደ ጠይብ ሄደ። “ተነሥ” አለው፤ ተነሣ። “የጮህኩት ባንተ ላይ አይደለም። በእርሾው ላይ ነው። ይህን ሳልነግርህ ብሄድ እዚያ እንቅልፍ አይወስደኝም።”

ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረ።

“ዓላል፣ ዛሬ ቀትር ላይ ልጄ እጇን ስትታጠብ ከእጅጌዋ ወረቀት ወደቀ። ሁለት ቀን ይዛው ኖራለች፤ ቀድጄ ልጣለው አላለችም፣ በዓል ነዋ። ፈረንሳይኛ አልችልም። ‘ምንድነው?’ አልኳት። ‘ደብዳቤ ነው’ አለችኝ። ‘አንብቢልኝ’ አልኳት።”

መብራቱን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ። ወንዙ ብቻ ይሰማል።

“የስንብት ነው ብትለኝ አምናት ነበር። የትምህርት ነው ብትለኝ አምናት ነበር። ግን አነበበችልኝ። ልጅህ ያላትን ሁሉ፣ ቃል ሳታስቀር፣ እፊቴ ቆማ አነበበችልኝ። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ አቋረጠች፤ ውኃ ጠጣችና ካቆመችበት ቀጠለች። ዓላል፣ እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ለአባቴ እንዲህ ያለ እውነት ተናግሬ አላውቅም።”

ጠብታ ውኃ ዱቄት ላይ እንዳይወድቅ ስትጠብቅ የነበረችው ያቺ ልጅ፣ በአባቷ ፊት እንዲያ ቆመች? አንድ ውሸት ይበቃት ነበር። አንዲት ትንሽ ውሸት። እስከ ዛሬ፣ ፀጉሬ ነጭ ሆኖ፣ ይህን ሳስብ የምቋጥረውን አስቀምጣለሁ። ሰው እንዲህም ይፈጠራል እላለሁ።

ዓላል ነገሩ ገባው። ቀስ ብሎ መብራቱን መሬት አስቀመጠ፣ እጅጌውን መጠቅለል ጀመረ። “ጠይብ” አለ።

“አትምታው” አለ ማኅሉፍ። “ነገ እኔ የለሁም። ከነገ ወዲያ የፈለግከውን አድርግ። ዛሬ ግን እኔን ከወደድክ አትምታው።”

“ታዲያ ምን ላድርግ? አንተ ፊት አሳፍሮኛል።”

“ና፣ ውኃውን እንይ።”

“ጨለማ ነው፤ ምን ይታያል?”

“ቢሆንም እንየው።”

ወንድሜን እጁን ይዞ ወሰደው። ሁለቱም ወንዙ ዳር ሄደው፣ ጀርባቸውን ለልጆቹ ሰጥተው፣ የማይታየውን ውኃ ሊያዩ ቆሙ። ልጆቻቸውን መሬት ለመሬት ሊጎትቱ የሚችሉ ሁለት አባቶች ናቸው። ትከሻ ለትከሻ ሆነው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ዘወር ሳይሉ ቆሙ። ከዚያ በፊት በመስጊድም በምኩራብም ያላየሁትን ነገር ያየሁ መሰለኝ።

ፍሬሓ ወደ ጠይብ አልቀረበችም። አምስት እርምጃ ያህል ርቃ ቆመች።

“መልሴን በአፌ ልነግርህ ነው የመጣሁት” አለችው። “እርሾውን ስጠኝ።”

ጠይብ ባዶ እጁን ዘረጋ። “የለም። ወንዝ ውስጥ ጣልኩት።”

“የጣልከው ቁራሹን ነው፣ አንተ ሞኝ” አልኩ ከደረጃው ተነሥቼ። “እርሾዋን ሁሉ ለሰው የምትሰጥ ሴት የት አይተሃል?” ወደ ውስጥ ገብቼ ለነገ ካቦካሁት ሊጥ ጨበጥ አድርጌ ቆረስኩ፤ ያው ያ የአያቶቻችን ነው፣ ደባልቄ የለ? በዱቄት አንከባልዬ እጁ ላይ አኖርኩለት። እኔም ሄጄ ግድግዳውን ሳይ ቆምኩ። ጆሮዬን ግን የሚያዞረው የለም።

ሲራመድ ሰማሁት። አምስተኛው እርምጃ ላይ ቆመ።

“ተቀበልሺኝ” አለ ጠይብ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ።

“ከእጅህ ተቀበልኩ። ሁሉም ይስማኝ፣ ከእጅህ ነው የተቀበልኩት። ግን እሄዳለሁ።”

“ጽፌልሽ ነበር እኮ። ከተቀበልሽ…”

“አውቃለሁ። በቃሌ ይዤዋለሁ። እናቴ ሁለት ቀብራለች። ሦስተኛዋን በቁሟ ቀብራ መርከብ ላይ እንድትወጣ ላድርጋት? ለአንተ ስል ማድረግ የማልችለው አንድ ነገር ይሄ ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ እችል ነበር። ብትቆጣኝ እሺ፣ ተቆጣኝ።”

አልተቆጣም። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ስንጥቅ ሁሉ ቆጠርኩ። ሲያለቅስ ይሰማኛል፣ እሷም ታለቅሳለች፤ ሁለቱም ወላጆቻቸው እንዳይሰሙ ያፍኑታል። አባቶቹም ውኃውን ያያሉ።

በመጨረሻ ጠይብ “ጨርቁን አጥብቀሽ አትሰሪው” አላት። “መንገድ ላይ ይነሣል። ከታፈነ ይጎመዝዛል።”

“እሺ።”

“በሦስት ቀኑ ዱቄት ስጪው። የምታገኙት ዱቄት ምን ዓይነት እንደሆነ አላውቅም። የደረቀ ስንዴ ከሆነ ውኃውን ጨምሪ።”

“እሺ።”

“መርከቡ ላይ ሙቀት አጠገብ አታድርጊው።”

“እሺ፣ ጠይብ” አለችው፤ ስሙን በአፏ ስትጠራው ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። “ላብህን ጥረግ።”

ስዞር ድልድዩ ላይ ነበሩ፣ አባትና ልጅ። ሊጡን በሁለት እጇ እንደ ጫጩት ይዛዋለች። ወንድሜ እጅጌውን ፈትቶ መለሰና ልጁን ሳያየው፣ ሳይናገረው፣ ትከሻውን አንዴ ጨብጦ ወደ ቤት ገባ። በማግስቱም በሌላ ቀንም አልመታውም።

በበጋው አጋማሽ ከባሕር ማዶ ደብዳቤ መጣ። ጠይብ ለእኔ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ ዓላል የማይሰማ መስሎ መጥረቢያ ይስላል፣ አንዱኑ ቦታ ሩብ ሰዓት ሙሉ። “እርሾው መርከብ ላይ ጨርቁን ገፍቶ ወጣና የሰው ኮት ላይ ተለጠፈ። እናቴ ሳቀች። ከሰፍሩ ከተነሣን ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። አሁን ከእሱ ነው የምንጋግረው” ትላለች። “ደግማት” አለ ዓላል። ጠይብ ደገማት።

በሚቀጥለው ጸደይ የሚሙና ዕለት አመሻሽ ላይ ወደ ጓዳ ስገባ ጠይብ ሳህን አውጥቶ ዱቄት ሲነሰንስ አገኘሁት። እሸት ቆርጦ አምጥቷል። ምንም አልጠየቅኩትም፤ ወተቱን አነሣሁ። ድልድዩን ቀስ ብለን ተሻገርን። መላሕ ውስጥ የቀረው ሰው ጥቂት ነው፣ የማኅሉፍን ቤት የገዛው ሰውዬም ገና አልገባበትም ነበር፤ በሩ ላይ ሸረሪት አድርቷል።

ጠይብ ከደፉ በዚህ ወገን ቆመ። ሰማዩ ጠርቶ ነበር። አንዱን ኮከብ ጠበቀ፣ ሁለተኛውን ጠበቀ። ሦስተኛው ዘገየ፤ ሳህኑን እንደያዘ አልተንቀሳቀሰም። ሲወጣ ብቻ ጎንበስ ብሎ ሳህኑን ደፉ ላይ አስቀመጠ፣ በሩንም በጣቱ ሁለት ጊዜ አንኳኳ።

“ዘንድሮ ቀድሜ አልመጣሁም፣ አክስቴ” አለኝ።